የገባር ዘመንን ለሐዋሳ ልጆች ማስተማር

የሐዋሳ ተማሪ የአድዋን ድል ከታች ክፍል ጀምሮ ይሰማል። በ1880ዎቹ የሲዳማ ምድርም በዚያው በምኒልክ ጦር መያዙን ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከአያቱ ወይም ከፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው። ሁለቱን አያይዞ ማስተማር ከባድ ነው። ለዚህች ከተማ ግን ከዚህ የበለጠ አስፈላጊ የታሪክ ትምህርት አይታየኝም።

ልጅ ሥርዓትን የሚረዳው በሰው በኩል ነው፤ ስለዚህ በፈረስ ስሙ አባ ነፍሶ ከሚባለው ከደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መጀመር ይቻላል። ባልቻ በልጅነቱ በጦርነት ተማርኮ በምኒልክ ቤት ያደገ፣ በአድዋ መድፈኛነቱ ስሙ የገነነ፣ በስተርጅናውም በ1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ የወደቀ ሰው ነው። ይኸው ሰው ሲዳሞን በሁለት ዙር ገዝቷል። በአገዛዙ ዘመን ገበሬው ለወታደሩ ገባር ሆኖ እህልና ማር ይሰጥ፣ እንጨት ይፈልጥ፣ አጥር ያጥር፣ ሚስቱም የሹሙን እህል ትፈጭ ነበር። ደመወዝ ለማይከፈለው ወታደር እንደ ማዕረጉ የተወሰኑ አባወራዎች ይመሩለት ነበር። መሬቱ ቀላድ በሚባል የመለኪያ ገመድ ይለካ፣ ባላባቱ ድርሻውን ይወስድ፣ የቀረው ለመንግሥትና ለባለሥልጣን ይሆን ነበር። ጀግናውና ገዢው አንድ ሰው መሆኑን ያየ ልጅ ታሪክ በጥሩና በመጥፎ ሰዎች ብቻ እንደማይከፈል ይረዳል።

የምኒልክ ጦር የደቡቡን ምድር መያዙ ምን ይባል በሚለው ላይ በምሁራን ዘንድ ክርክሩ አላበቃም። አንዱ ወገን ሀገር ማቅናት፣ ሌላው ወረራ፣ ሦስተኛው ቅኝ አገዛዝ ይለዋል። ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፍ የደቡቡን ዘመቻና የገባሩን ሥርዓት በሰፊው አይቷል። ቻርልስ ማክሌላን በጎረቤት ጌዴኦ ላይ ያደረገው ጥናትም አካባቢውን ከውስጥ ያሳያል። ለታች ክፍል ልጅ ስያሜውን መወሰን አያስፈልግም፤ የሆነውን ነገር ማወቅ ግን ያስፈልገዋል።

ካናዳ በዚህ ረገድ ትምህርት አላት። የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኗ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች አንዱ የነባር ሕዝቦች ልጆች የተወሰዱባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲሰጥ የሚጠይቅ ነው። እዚያ መምህራን ለትንንሾች የሚነግሩት ብርቱካንማ ሸሚዟ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን የተወሰደባትን የፊሊስ ዌብስታድን ታሪክ ነው። ንጽጽሩ ግን ልክ አለው፤ እዚህ ገዢው ከባሕር ማዶ አልመጣም፣ የሰሜኑም ገበሬ ገባር ነበር። ይህን ልዩነት ሳይነግሩ የካናዳን መጽሐፍ መገልበጥ ስሕተት ነው።

ቋንቋም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። ከአብዮቱ በፊት በንጉሡ ዘመን የሲዳማ ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በአማርኛ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛን ከ15ቱ ቋንቋዎች አንዱ አደረገው፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ፈቀደ። ዛሬ ሲዳማ ክልል ነው፤ ይህንንም ያስገኘው የኅዳር 10 ቀን 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጨምበላላም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ልጆች በበዓሉ ቀን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ሲሉ መምህሩ የሚያስተምረው የበደል ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ያስታውሳል፤ ሲዳማ ከገባርነት በፊትም በኋላም የራሱ ዘመን መቁጠሪያ፣ ሉዋ የሚባል የዕድሜ እርከን ሥርዓትና ሸንጎ ያለው ሕዝብ ነው።

የሐዋሳ ክፍል ውስጥ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የአማራ፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱ ቅድመ አያት ገባር፣ የሌላው ነፍጠኛ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2011 በከተማዋና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት የጠፋበትን ግጭት የሚያስታውሱ ቤተሰቦች አሉና፣ «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በክፍል ውስጥ የጥንት የወታደር ሥራ ስም ሆኖ መቅረት አለበት፤ የማንም ልጅ ቅጽል ስም መሆን የለበትም። ይህ ግን የተበደለውን ዝም ለማሰኘት መዋል የለበትም። መሬቱን ያጣው ገበሬ በደሉ ስሙ ተጠርቶ ሊነገር ይገባል።

የተሻለው ምንጭ ገና በሕይወት አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ሲታወጅ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ የጭሰኛ ልጅ ዛሬ ስድሳ አልፎታል። ከአባቱ ምርት ስንት ለባለ መሬቱ እንደሚሄድ፣ ማን ሊወስድ እንደሚመጣ፣ አዋጁ ሲነገር መንደሩ ምን እንዳለ ይናገራል። ተማሪዎች እነዚህን አባቶችና እናቶች በሲዳምኛም በአማርኛም ጠይቀው፣ የሰሙትን ጽፈው ለክፍላቸው ቢያነቡ ከመማሪያው መጽሐፍ ጎን ሊቀመጥ የሚችል ሥራ ይወጣቸዋል። ዘንድሮ ቢጀመር ብዙዎቹን ማግኘት ይቻላል።