ለዲስክ ጎልፍ ጀማሪ የሚመች ሜዳ የቱ ነው?

ዲስክ ጎልፍ በዱላና በኳስ ፈንታ በእጅ በሚወረወር ዝርግ የፕላስቲክ ዲስክ የሚጫወቱት ጎልፍ ነው። ተጫዋቹ ከመነሻው ይወረውራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ቦታ ቆሞ ይደግማል፤ ሰንሰለት ከተንጠለጠለበት ቅርጫት እስኪያስገባው ድረስም ይቀጥላል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሙሉ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 9 ወይም 18 መስመር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ኤድ ሄድሪክ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኦክ ግሮቭ ፓርክ ቋሚ ሜዳ ሲዘረጋ ዒላማዎቹ ምሰሶዎች ነበሩ። የሰንሰለቱን ቅርጫት ራሱ ሄድሪክ የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ከእሱ በፊትም ሰዎች ዛፍና የመብራት ምሰሶ ዒላማ እያደረጉ ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ መጫወት የሚፈልግ ሰው ቅርጫት እስኪተከልለት መጠበቅ የለበትም። የዛፉን ግንድ የነካ ዲስክ እንደገባ ይቆጠራል ብሎ ከጓደኞቹ ጋር መስማማት ይበቃዋል።

ዋናው ጉዳይ የቦታው ምርጫ ነው። ብዙ ጀማሪ ጨዋታውን የሚተወው ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ሜዳ ላይ ስለሚጀምር ነው፤ ሰዓቱ ከመወርወር ይልቅ ዲስክ በመፈለግ ያልቃል። ለጀማሪ ከመነሻ እስከ ዒላማ ከ50 እስከ 80 ሜትር ያህል በቂ ነው። ሣሩ አጭር፣ ዛፉ አለፍ አለፍ ብሎ የቆመ ይሁን። መንገድ፣ ባጃጅ የሚያልፍበት ጥግና ውሃ በውርወራው አቅጣጫ መኖር የለባቸውም።

በዚህ መለኪያ የሐዋሳን ቦታዎች እንያቸው። አሞራ ገደል ጥላው ግሩም ነው፤ ግን ዓሣ ለመብላትና አባ ኮዳዎቹን ለማየት የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ ለውርወራ አይሆንም። ፍቅር ሐይቅም ለእግር ጉዞ እንጂ ለዲስክ አይመችም፤ ሐይቁ ቅርብ ነው። ጉማሬ ባለበት ውሃ ደግሞ የገባ ዲስክን ተከትሎ መግባት ፈጽሞ አይገባም። የታቦር ተራራ ዳገት ክንዱ ለጠነከረ ተጫዋች ይቆይ። የፍቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበርበት ጉዱማሌ ሰፊ ነው፤ ከበዓሉ ቀናት ውጭ፣ የሚያስተዳድሩትን አስፈቅዶ መሞከር ይቻላል። ከሁሉም ይልቅ የሚሻለው ሣርና ዛፍ ያለው የትምህርት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። እዚያም ቢሆን ፈቃድ መጠየቅና ተማሪ የማይበዛበትን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል።

ሰዓቱን ካነሳን፣ ጠዋት ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ቀላል ዲስክ ከመስመሩ ይወጣል።

የሐዋሳ ከፍታም ለጨዋታው ለውጥ ያመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በሳሳ አየር ዲስክ በደንብ አይንሳፈፍም፤ ቀኝ እጁን በደረቱ ፊት ለፊት ወደ ግራ ስቦ የሚወረውር ሰው ዲስኩ ቶሎ ወደ ግራ ሲታጠፍበት ያያል። መፍትሔው ዲስኩ ላይ ነው። ብዙ ዲስኮች ላይ አራት ቁጥሮች ታትመዋል፤ የመጀመሪያው ፍጥነትን፣ ሁለተኛው መንሳፈፍን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አቅጣጫን ያመለክታሉ። ጀማሪ የመጀመሪያው ቁጥር ከ7 የማይበልጥ፣ ሦስተኛው ከዜሮ በታች የሆነ፣ ክብደቱም ከ150 እስከ 165 ግራም የሆነ ዲስክ ቢይዝ ውርወራው ቀጥ ይልለታል። ለቅርብ ውርወራ ፓተር የሚባለውን ዘገምተኛ ዲስክ ከጨመረ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም።

ሁለት ደንቦች ግን አይዘለሉም፦ ፊት ለፊት ሰው ካለ አይወረወርም፤ ከዒላማው የራቀው ተጫዋች ቅድሚያ ያገኛል።

ስድስት ዛፍ መርጣችሁ፣ መነሻዎቹን በድንጋይ ምልክት አድርጋችሁ ጀምሩ። አንዱን መስመር በሦስትና በአራት ውርወራ መጨረስ ስትለምዱ መነሻውን አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሳቡት። ሜዳው ከክንዳችሁ ጋር አብሮ ያድጋል።