ከንግድ ሥርዓተ ክወና ወደ ነፃ ሥርዓተ ክወና፦ በትምህርት ቤቶች የሚደረግ ሽግግርና ቅድመ ዝግጅቱ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በትምህርት ቤቶችና በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት በሚገኙት አብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፕዩተሮች ላይ የሚሠራው ሥርዓተ ክወና ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው ዊንዶውስ ነው። ኩባንያው ዊንዶውስ 10 ለተባለው እትም ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ እትም ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት የማስታወሻ አቅም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል እንዲኖር ይጠይቃል። በተጨማሪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 አጋማሽ በፊት የወጡትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም።

ከዚህም የተነሣ አንዳች ብልሽት የሌለባቸው ብዙ ኮምፕዩተሮች ከአምራቹ ድጋፍ ውጪ ሆነዋል። እነዚህን መሣሪያዎች የያዘ ትምህርት ቤት ያለ ጥገና ሊቀጥል፣ አዲስ ሊገዛ ወይም በያዛቸው መሣሪያዎች ላይ ሌላ ሥርዓተ ክወና ሊጭን ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ የሚቀጥል ተቋም የተማሪዎችን ውጤት የያዘ መዝገብ ለጥቃት ያጋልጣል። ሁለተኛው በጀት ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛው መንገድ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ሥርዓተ ክወና ምንድን ነው? «ነፃ» ሲባልስ?

ሥርዓተ ክወና በኮምፕዩተሩ አካልና በተጠቃሚው መካከል ሆኖ ሥራን የሚያከፋፍል መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ፋይል ሲከፈት ከማከማቻው አውጥቶ የሚያቀርበው፣ ጽሑፍ ሲታተም ከማተሚያው መሣሪያ ጋር የሚገናኘው፣ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ለእያንዳንዱ ተራውን የሚሰጠው እርሱ ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃውም ሆነ የሠንጠረዥ ማስሊያው የሚሠሩት በእርሱ ላይ ተደላድለው ነው።

ማንኛውም ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል የትእዛዝ ቋንቋ ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። የንግድ ሥርዓተ ክወና ምንጭ ኮድ በባለቤቱ ዘንድ ተጠብቆ የሚቀመጥ ስለሆነ ገዢው የሚያገኘው በውል የተወሰነ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። በአንጻሩ ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ማንም ሰው ለፈለገው ዓላማ እንዲጠቀምበት፣ አሠራሩን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽለውና ቅጂውን ለሌላው እንዲያካፍል ይፈቅዳል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራም አዘጋጅ ጂ.ኤን.ዩ. የተባለውን ሥራ በ1983 አስታወቀ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ የሥርዓተ ክወናውን አስኳል በ1991 ለሕዝብ አቀረበ። የሁለቱ ውጤት ተጣምሮ በተለምዶ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት አስገኝቷል። ይህ ሥርዓት በልዩ ልዩ ጥንቅር ይቀርባል፤ ከእነዚህም መካከል በ1993 የተመሠረተው ዴቢያንና በ2004 የወጣው ኡቡንቱ በሰፊው ይታወቃሉ።

በአማርኛ «በነፃ ተሰጠ» ሲባል ያለ ክፍያ ማለት ሲሆን «ነፃ ሆነ» ሲባል ግን ከሌላው ቁጥጥር ወጣ ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ስያሜ የቆመው በሁለተኛው ትርጉም ላይ ነው። የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት መሆኑ ከዚያ የሚከተል ጥቅም ነው። ይህን ልዩነት አለመገንዘብ የዕቅድ ስሕተት ያስከትላል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ያለ ክፍያ ቢገኝም ሥልጠናው፣ ተከላውና ክትትሉ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋሉ።

2. ከሌሎች አገሮች ልምድ

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የምትገኘው የኬራላ ክፍለ ግዛት የኮምፕዩተር ትምህርትን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለማስፋፋት በ2001 አንድ ፕሮጀክት አቋቋመች። ፕሮጀክቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ነፃ ፕሮግራሞች ተሸጋገረ። የሥራው አንቀሳቃሾች ከመምህራን መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ አሠልጣኞች ሲሆኑ፣ እነርሱም በተራቸው ሌሎችን አሠልጥነዋል። የመማሪያ መጻሕፍቱም በአዲሱ ሥርዓት መሠረት ተዘጋጅተዋል። በ2019 የተዘጋጀው የትምህርት ቤቶች ጥንቅር ለ200,000 ያህል ኮምፕዩተሮች የታሰበ ነበር። የሥራው ኃላፊዎች በዚያን ጊዜ በሰጡት ግምት በፈቃድ ክፍያ ረገድ 30 ቢሊዮን ሩፒ ያህል ይድናል ተብሏል።

በስፔን በኢኮኖሚ ወደ ኋላ ከቀሩት አካባቢዎች አንዷ የሆነችው ኤክስትሬማዱራም ሊንኤክስ የተባለ የራሷን ጥንቅር በ2002 አውጥታ በትምህርት ቤቶቿ አሠራጨች። አዘጋጆቹ ለአንዳንዶቹ ፕሮግራሞች የአካባቢውን ታዋቂ ሰዎች ስም ሰጥተዋል። ለምሳሌ የሥዕል ማዘጋጃው ፕሮግራም በ17ኛው መቶ ዓመት በነበረው ሠዓሊ በዙርባራን ስም ተሰይሟል። ይህን ለማድረግ የቻሉት ምንጭ ኮዱ በእጃቸው ስለነበረና ፈቃዱም ስለማይከለክላቸው ነው።

የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ ልምድ ሌላ ገጽታ ያሳያል። የከተማዋ ምክር ቤት ሽግግሩን በ2003 ወስኖ፣ እስከ 2013 ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጉ የአስተዳደር ኮምፕዩተሮች ወደ ሊኑክስ ተዛወሩ። ይሁን እንጂ አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነበር። ከውጭ የሚመጡ ሰነዶችም ቅርጻቸው እየተዛባ ሠራተኞችን ያስቸግሩ ነበር። የከተማዋ አመራር ከተለወጠ በኋላ ምክር ቤቱ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቴክኒካዊ ሥራው ቢጠናቀቅም የተጠቃሚዎች ቅሬታና የአመራር ለውጥ ሥራውን ሊመልሰው እንደሚችል ነው።

የፈረንሣይ ዣንዳርመሪ የተከተለው ቅደም ተከተል በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው። በ2005 የቢሮ ፕሮግራሞቹን፣ በ2006 የኢንተርኔት ማሰሻውን ለወጠ። ሥርዓተ ክወናውን ወደ ኡቡንቱ መለወጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ2008 ነው። ሠራተኛው አዲሶቹን ፕሮግራሞች በለመደው ዊንዶውስ ላይ እያለ ስለተለማመዳቸው የመጨረሻው ለውጥ እንግዳ አልሆነበትም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

3. የግዕዝ ፊደልና የቆዩ ሰነዶች

በአገራችን ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ የፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ሲጻፍባቸው የነበሩት ልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የግዕዝን ሆሄያት ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። የአቀማመጡም ሥርዓት ከአምራች አምራች ይለያይ ነበር። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ያ ፊደል ወዳልተጫነበት ኮምፕዩተር ሲዛወር ትርጉም የሌለው የላቲን ሆሄያትና የምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል።

በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የብዙ ዓመት የፈተና ጥያቄዎች፣ የትምህርት ዕቅዶች፣ የደብዳቤ ቅጂዎችና የተማሪዎች ስም ዝርዝር በዚህ ዓይነት ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ ሰነዶች ሽግግሩ ከመጀመሩ በፊት የቆየው ፊደል በተጫነበት ኮምፕዩተር ላይ ተለይተው፣ ወደ ዩኒኮድ ተለውጠው፣ በሰው ዓይን ተነብበው መታረም አለባቸው። ለማስረጃነት ብቻ የሚጠበቁት ግን ፒ.ዲ.ኤፍ. በተባለው ቅርጽ ቢቀመጡ ወይም በወረቀት ቢታተሙ ይበቃል። ይህ ሥራ ሊኑክስ ባይመጣም የማይቀር ነው፤ ሳይሠራ ከቀረ የጠፋው የሚታወቀው ሰነዱ በተፈለገ ዕለት ነው።

አማርኛን በሊኑክስ ላይ መጻፍ ግን አዳጋች አይደለም። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ነፃ የግዕዝ ፊደሎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በላቲን የፊደል ገበታ ድምፅን ተከትሎ የሚጽፍ የአማርኛ ስልትም ሊጫን ይችላል። ይሁንና የቁልፎቹ አቀማመጥ ቀድሞ ከተለመደው ሊለይ ስለሚችል ለጽሕፈት ሠራተኞች የመለማመጃ ጊዜ መመደብ ተገቢ ነው።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ሽግግሩን ለማካሄድ የሚያስብ ተቋም የሚከተሉትን ተግባራት በተራ ቢፈጽም ይመከራል።

ሀ) ቆጠራ። የእያንዳንዱ ኮምፕዩተር ፕሮሰሰር፣ የማስታወሻ አቅምና ዕድሜ ይመዝገብ። ማተሚያዎችና ስካነሮችም አብረው ይቆጠሩ፤ አንዳንዶቹ ለሊኑክስ የተዘጋጀ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም የላቸውምና።

ለ) ፕሮግራሞችን መለየት። የትኛው ክፍል በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ ይጣራ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም ወይም አውቶካድን የሚያስተምሩ ክፍሎች ዊንዶውስ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ለእነርሱ የተወሰኑ ኮምፕዩተሮች ተለይተው ይቆዩ። ለትምህርት ተቋማት አምራቹ ያቀረበው የተራዘመ የዊንዶውስ 10 ጥገና ለአንድ ኮምፕዩተር በመጀመሪያው ዓመት 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 ዶላር ስለሚያስከፍል፣ ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸው ጥቂት መሣሪያዎች ጊዜ ሊያስገኝ ይችላል።

ሐ) በቢሮ ፕሮግራሞች መጀመር። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። መምህራን አንድ መንፈቅ ያህል በለመዱት ሥርዓተ ክወና ላይ ሆነው ይለማመዱበት።

መ) ያለ ተከላ መሞከር። አብዛኞቹ የሊኑክስ ጥንቅሮች ከፍላሽ ተነሥተው በኮምፕዩተሩ ማከማቻ ላይ ምንም ሳይለውጡ ሊሠሩ ይችላሉ። ድምፁ፣ ኔትዎርኩና ማተሚያው መሥራታቸው በዚህ መንገድ ይረጋገጥ። የማስታወሻ አቅማቸው 2 ጊጋባይት ለሆነ መሣሪያዎች ቀለል ያለ ገጽታ ያለው ጥንቅር ይመረጥ።

ሠ) መጠባበቂያ ቅጂ። ተከላ ማከማቻውን ሊያጠፋ ስለሚችል ፋይሎች ሁሉ አስቀድመው በሁለት ቦታ ይገልበጡ፤ ቅጂው በትክክል መከፈቱም ይፈተሽ።

ረ) በአንድ ክፍል መጀመር። መላውን ተቋም በአንድ ጊዜ ከመለወጥ አንዱን የኮምፕዩተር ክፍል ለውጦ ችግሮቹን በመዝገብ መያዝ ይሻላል።

ሰ) ኃላፊ መመደብ። ቢያንስ ሁለት መምህራን ሠልጥነው የሥራ ጊዜ ይሰጣቸው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥርዓት ያ ሰው ሲዛወር ባለቤት ያጣል። የኢንተርኔት መስመሩ ደካማ በሆነበት ቦታ አንድ ኮምፕዩተር ማሻሻያዎችን አውርዶ ለሌሎቹ እንዲያከፋፍል ሊደረግ ይችላል።

5. ለሥርዓተ ትምህርቱ ያለው ትርጉም

በዚህ ጉዳይ ላይ ዘወትር የሚነሣ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ተማሪው ነገ በሚቀጠርበት መሥሪያ ቤት የሚያገኘው ዊንዶውስ ከሆነ በሌላ ማስተማሩ አይጎዳውምን?» የሚለው ነው። መልሱ የሚወሰነው በሚያስተምሩት ይዘት ነው። ትምህርቱ «ይህን ምልክት ተጫን፣ ከዚያ ሦስተኛውን መስመር ምረጥ» የሚል ከሆነ፣ የፕሮግራሙ እትም ሲለወጥ የተማረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ተማሪው ፋይል፣ አቃፊ፣ አንቀጽ፣ ቀመር፣ ኔትዎርክ የተባሉትን ጽንሰ ሐሳቦች ከተረዳ ግን በየትኛውም ሥርዓት ላይ ፈልጎ ያገኛቸዋል። ሁለቱንም ዓይነት ያየ ተማሪ የጋራውን ከልዩ ልዩው ለመለየት ይችላል። ስለዚህ አንድ ተግባር በሁለቱም ሥርዓቶች እንዲሠራ ማድረግ ራሱ ጥሩ የክፍል ልምምድ ነው።

ነፃ ፕሮግራሞች ለማስተማሪያነት የሚሰጡት ሌላም ጥቅም አለ። ጂኮምፕሪ የተባለው ለሕፃናት የተዘጋጀ የመለማመጃ ስብስብና ኢንተርኔት በሌለበት ዊኪፔዲያን ለማንበብ የሚያስችለው ኪዊክስ በአንድ ፍላሽ ተገልብጠው ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሊዳረሱ ይችላሉ። ተማሪውም ቅጂውን ወደ ቤቱ ቢወስድ ሕግ አይተላለፍም። ያለ ፈቃድ በተገለበጠ የንግድ ፕሮግራም የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ስለ ሥነ ምግባር ከሚናገረው ጋር የማይስማማ ምሳሌ ያሳያል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጸው የሥርዓተ ክወና ሽግግር የገንዘብ ቁጠባ ብቻ ተብሎ ከተጀመረ በሥልጠና እጦትና በተጠቃሚዎች ቅሬታ ሊደናቀፍ ይችላል። የፈቃድ ክፍያው የሚያድነው ገንዘብ ከፊሉ አስቀድሞ ለመምህራን ሥልጠናና ለሰነዶች ልወጣ ቢመደብ ግን ከአምራቹ ድጋፍ ውጪ የሆኑ ኮምፕዩተሮች ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገል ይችላሉ። ሁሉን በአንድነት መለወጥ ለማይችል ተቋም ቆጠራውንና የቆዩ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መለወጡን በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመር ይቻላል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች የኋላ ኋላ የሚመረጠው ሥርዓት የትኛውም ቢሆን ድካማቸው አይባክንም።