ቆስጣን ከዘር ጀምሮ በጄሪካን ማልማት

መሬት የሌለው የከተማ ቤተሰብም በረንዳው ወይም ደጁ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ አትክልት ሊያለማ ይችላል። ለጀማሪ ከቲማቲም ይልቅ ቆስጣ ይመረጣል፤ ድጋፍ አይፈልግም፣ ደጋግሞም ይቆረጣል።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በጎኑ አጋድሞ የላይኛውን ገጽ ቆርጦ ማንሳት ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሥሩ ስምንት ያህል ቀዳዳዎች ይበጁለት። ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይሞላል። ዋልካ አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚቋጥር አይስማማም።

ዘሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል። አንዱ የቆስጣ ፍሬ በውስጡ በርካታ ዘሮች ስላሉት ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ችግኝ ይበቅላል። ብዙ ጀማሪዎች የበቀለውን መንቀል ያሳዝናቸዋል። ሆኖም ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን በመቀስ መቁረጥ ግድ ነው፤ ለአንድ ጄሪካን ሦስት ተክል ይበቃል። የተቆረጠውም ለወጥ ይሆናል።

ጀማሪ ችግኙን የሚያጣው በአብዛኛው በጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ የችግኙ ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ይቀጥንና ይወድቃል፤ የወደቀው አይድንም። ስለዚህ ችግኙ ከበቀለ በኋላ ጣትን አንድ አንጓ ያህል አስገብቶ መፈተሽ፣ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ጠዋት ማጠጣት ያስፈልጋል።

ከተዘራ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በውጭ በኩል ያሉት ቅጠሎች ይለቀማሉ። የመሐሉ ለጋ አይነካም፤ አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከዚያ ነው።