ቆሽት እንደ እንሰት ይበቅላል ወይ?

ለእረፍት ቡኢ በገባሁ ማግስት ጎረቤታችን ቡና ጠሩኝ። ልጃቸው ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋል። ፍሪጅ ስለሌላቸው ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ ነው የሚያስቀምጡት። ስኒውን ገና ሳይሰጡኝ፣ "ልጄ፣ አንተ ባዮሎጂ አይደል የምትማረው? ውጭ አገር ቆሽት የሚያበቅል መርፌ አለ ብሎ አንድ ደላላ ነግሮኛል። በሬዎቹን ልሽጥ እንዴ?" አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ቆሽቱ ቦታው ላይ አለ፤ የጠፉት ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ህዋሶች ናቸው። ያጠፋቸውም የራሱ የሰውነት መከላከያ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሚያሳድጉት ሙሉ ቆሽት ሳይሆን እነዚህን ህዋሶች ነው። ስቴም ሴል ማለት እንደኛ እንሰት ጉቶ ነው፤ ጉቶው ሲቀበር ብዙ ችግኝ እንደሚሰጥ ሁሉ ይህም ህዋስ ይባዛል፣ እንደ አያያዙም ወደ ልብ፣ ወደ ነርቭ ወይም ወደ ቤታ ህዋስ ይለወጣል። ሁለት ልጆቻቸው ይኸው በሽታ ያለባቸው የሃርቫርዱ ዳግላስ ሜልተን ከባልደረቦቻቸው ጋር ቤታ ህዋስን በላቦራቶሪ በብዛት ማምረት መቻላቸውን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ጥናት ደግሞ ሙሉውን መጠን ከወሰዱ 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መውጋት አቁመው ተገኝተዋል። የሚገርመው፣ ህዋሶቹ የገቡት ቆሽት ውስጥ ሳይሆን በደም ሥር በኩል ጉበት ውስጥ ነው!

ችግሩ ግን የድሮዎቹን ያጠፋው መከላከያ አዲሶቹንም አይምራቸውም። ስለዚህ ታካሚው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ዓይነት ነው። መከላከያ ሲዳከም ኢንፌክሽን ይገባል። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ሞቷል።

"ከራሱ ከልጁ ገላ ተወስዶ ቢሠራስ?" የምትሉ አትጠፉም፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የመጀመሪያዎቹም እኮ የራሱ ነበሩ! ቻይና ውስጥ ከራሷ ህዋስ ተሠርቶላት ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን ያቆመችው ሴት እንኳን ቀድሞ ጉበት ስለተተከለላት መድኃኒቱን ትወስድ ነበር። ከመከላከያው እንዲሰወሩ ጂናቸው የተስተካከለ፣ ከለጋሽ የተወሰዱ ህዋሶች ያለ መድኃኒቱ በአንድ ሰው ክንድ ውስጥ ኢንሱሊን ማመንጨታቸው እ.ኤ.አ. በ2025 ከስዊድን ተዘግቧል። መጠኑ ግን ትንሽ ስለነበር ሰውየው ከመርፌው አልተላቀቀም።

"እትዬ፣ ነገሩ ገና በጥናት ላይ ነው፤ በሬ የሚያሸጥ ደላላ ደግሞ ጥናት አያካሂድም። ልጁ መርፌውን አንድ ቀንም እንዳያቋርጥ" አልኳቸው። ዝም ብለው ሁለተኛውን ቀዱልኝ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ በማሰሮው ዙሪያ ያለው አሸዋ መድረቁን አየና ደብተሩን አስቀምጦ ውሃ አፈሰሰበት።