የማሲንቆ ዕድሜ ከተጫዋቹ ጋር ነው

ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ ቅኝቶች በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ፤ አምባሰል ደግሞ መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ጎረቤት ነው። በመርሳም ሆነ በወልድያ ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ አምባሰልን የሚያወጣው በአንድ የጭራ ክር ብቻ ነው። የክራር ተጫዋች ቅኝት ሲለውጥ ክሮቹን አንድ በአንድ መልሶ ይቃኛል። ማሲንቆ መቺው ግን የግራ እጁን ጣቶች ቦታ ብቻ ይቀይራል። ጣቶቹ ክሩን ከጎን ይነኩታል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁትም፤ ድምፁ ከሰው ዜማ ጋር የሚግባባውም በዚህ የተነሳ ነው። ለጣቱ ምልክት የሚሆነው ነገር እንጨቱ ላይ ስለሌለ፣ ልኩ ያለው በተጫዋቹ ጆሮ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የአሮጌ ማሲንቆ ዋና አዋቂ መሆን ያለበት ተጫዋቹ ነው እላለሁ። በአሜሪካ የብሉግራስ ሙዚቃ ባለሙያዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የጊብሰን ባንጆዎችን ሲገምቱ፣ የብረቱ ቀለበትና አንገቱ የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑን ይመረምራሉ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል ይወርዳል። ይህ መለኪያ ለማሲንቆ አይሠራም። ጭራው ይበጠሳል፣ ይተካል፤ ቆዳው ይላላል፣ ይቀደዳል፣ በሌላ ይወጠራል፤ ደጋኑም እንዲሁ። ከዓመታት በኋላ ከመጀመሪያው የሚቀረው ሣጥኑና አንገቱ ነው፤ ቆዳው ምን ያህል መወጠር እንዳለበትና ክሩ የት ላይ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው ከሌለ የቀረው ዕቃ ብቻ ነው።

«ሙዚየም ምን ይሠራል ታዲያ?» የሚል ይኖራል። ሙዚየም ያስፈልጋል፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያኖራቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ቅርጽንና አሠራርን ያስተምራሉ። ዳሩ ግን መሣሪያ ስላለ ሙያው አለ ማለት አይደለም። በደርግ ዘመን የበገና ትምህርት ሲቋረጥ በገናዎቹ አልጠፉም፤ የሳሳው የደርዳሪው ትውልድ ነበር። በኋላ ትምህርቱ ሊያንሰራራ የቻለው እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ሙያውን ይዘው ስለቆዩ ነው፤ እሳቸውም ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እጅ የተቀበሉት ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ተጫዋች የራሱን መሣሪያ ያጋንናል ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሁለት ሦስት ተጫዋቾችን በአንድ ማሲንቆ ማስመታትና ማመሳከር እንጂ እነሱን መተው አይደለም። በወልድያም ሆነ በመርሳ አሮጌ ማሲንቆ የሚሰበስብ ሰው የማን እንደነበረ፣ ማን እንደጠገነውና በየትኛው ቅኝት ይመታ እንደነበር ከመዘገበ፣ ድምፁንም በተጫዋች እጅ ከቀዳ፣ ያን ጊዜ ቅርስ ሰበሰበ ይባላል።