«ደህና ነኝ» በ3,900 ሜትር ላይ

በስሜን ተራሮች ቡድን ስመራ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» እላለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ግጭ ሰፈር ግን 3,600 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ካደሩት መካከል ራሱን ሲፈልጠው የነጋበት፣ ሲያቅለሸልሸው እንቅልፍ ያጣ አይጠፋም። የአገሬ ሰው ይህን የሚደብቀው «በእኔ ምክንያት የሰው ጉዞ አይበላሽ» ብሎ ነው። ደግነቱን አከብራለሁ፤ ከፍታ ላይ ግን ከዚህ ደግነት የበለጠ የሚያስፈራኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ከመልሱ ይልቅ ሰውየውን አያለሁ። ቅንጬውን ነካክቶ የተወው ማን ነው? ትናንት በየርምጃው ፎቶ ሲያነሳ የነበረው ልጅ ዛሬ ስልኩን ለምን ኪሱ ከተተ? የጫማውን ክር ሊያስር ያጎነበሰው ሲነሳ ተንገዳገደ ወይ? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደተነሱም እጠይቃለሁ። ይስቁብኛል፤ ነገር ግን ሰውነት ከፍታውን ሲላመድ ሽንት ስለሚበዛ ደጋግሞ የተነሳው ሰው ብዙ አያሳስበኝም።

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ የመጡ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችን መርቼ ነበር፤ አለቃቸውም አብረዋቸው ነበሩ። የዕለቱ መንገዳችን ከግጭ ተነስቶ እመት ጎጎ (3,926 ሜትር) መውጣት፣ ከዚያ ወርዶ እናትዬን (4,070 ሜትር) መሻገርና ጨነቅ መግባት ነው። ጓሳው ላይ ውርጭ ተጋግሮ፣ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ ፀሐይ ሲሞቁ ጉዞ ጀመርን። ብዙዎቹ በየሳምንቱ እንጦጦ የሚወጡ ስለሆኑ «እኛ እኮ ደገኞች ነን» ይሉኛል። በርግጥ 2,400 ሜትር አካባቢ የሚኖር ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣው ይሻላል። ግን እንጦጦ ደርሶ ማታ ቤቱ የሚተኛና ግጭ ላይ የሚያድር እኩል አይደሉም። ሌሊት ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ በዚያ ላይ የግጭ አየር የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው።

ባለበቅሎዎቻችን በላስቲክ ጫማ እያወሩ ሲያልፏቸው ማየቱም እንግዶቹን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ እዚሁ ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ በሚገኘው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ኦክስጅን በቆላ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ነው። በሁለት ቀን ጉዞ አይገኝም።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ግማሾቹ ጿሚ ናቸው። ማንንም «ጾምህን ፍታ» አልልም፤ ሐሙስ ማታ ግን ውሃና የጦስኝ ሻይ አብዝተው እንዲጠጡ ለምኜ ነበር። ዓርብ ለአስጎብኚ ይከብዳል። ጿሚ ቁርስ ስለማይቀርብ ዋናው ምልክቴ ይጠፋብኛል፤ የውሃ ጥም የሚያመጣው ራስ ምታትም ከከፍታው ጋር ስለሚመሳሰል መለየቱ ያስቸግራል። በእንዲህ ያለ ቀን ደካማ የመሰለኝን ከፊት፣ ከጥበቃው ስካውት ቀጥሎ አሰልፋለሁ፤ ጉልበተኞቹን «ከኋላ አግዙኝ» ብዬ እይዛቸዋለሁ። ኮርቻ ያላት አንዲት በቅሎም ያለ ጭነት ትከተለናለች።

እመት ጎጎ ልንደርስ ስንል አንዲት ወጣት ዝም አለች። ሐሙስ ማታ ስታስቅ ያመሸች ልጅ ናት። «እህቴ፣ እንዴት ነው?» ስላት «ደህና ነኝ» አለች። ተረከዟን ከሌላው እግሯ ጣት እያገናኘች ቀጥ ብላ እንድትራመድልኝ ጠየቅኋት፤ አልተንገዳገደችም። ያ መልካም ነው፤ መንገዳገድ ቢኖር አንጎል መነካቱን ስለሚያሳይ ያኔውኑ ወደ ታች መሮጥ ነበረብን። ግን ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗም ብርሃን ይሸሻል። ሁሉም አፋፉ ላይ ተሰብስበው ገደሉንና የቆላውን አምባዎች ሲያዩ ወደ አለቃዋ ሄድኩና ሰው እየሰማ «ጋሼ፣ እርስዎን ራስዎን አላመምዎትም?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ከሌሊት ጀምሮ እየወጋኝ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላስፈለገኝም። ልጅቷ ሌሊት እንዳስመለሳት ተናገረች። ሌሎች ሁለትም ራሳቸውን እንደሚያማቸው ጨመሩ። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፤ በተለይ ደመወዝ ፈራሚው ታላቅ ከሆነ።

ግጭ መኪና አይገባም፤ ጨነቅ ግን መንገድ ዳር ነው። እዚያ ለመድረስ እናትዬን መውጣት ግድ ስለሆነ፣ እያስመለሰው ያደረ ሰው ይዤ አልወጣም። ልጅቷ በበቅሎ፣ አለቃዋ በእግራቸው፣ ከረዳቴና ከአንድ ስካውት ጋር ወደ ጅንባር ወንዝ ወረዱ፤ ከዚያ መኪና ሳንቃበር አደረሳቸው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው። ከግጭ 350 ሜትር ዝቅ ማለት ብዙ አይመስልም፤ ልጅቷ ግን በዚያው ማታ እራቷን በላች። ሁለቱ ቀሪዎች አረፍ ብለው፣ ውሃ ጠጥተው ሕመሙ ስለለቀቃቸው ቀስ ብለን እናትዬን ተሻገርን። ሕመሙ ባይለቃቸው ኖሮ ሁላችንም እንመለስ ነበር።

ከአዲስ አበባ ጉዞ የምታዘጋጁ ወገኖቼን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ጎንደር በአውሮፕላን ገብቶ በማግስቱ ግጭ የሚያሳድር መርሐ ግብር አትሽጡ። ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር አንድ ሌሊት ስጡን። ዋጋው ከፍ ይላል፣ የእረፍት ቀንም ይወስዳል፤ ቢሆንም ሰው ተራራውን በጤናው ያየዋል።

ወደዚያ ጉዞ ልመለስና፣ እናትዬን በተሻገርን ማግስት ወደ ቧሂት (4,430 ሜትር) ከመነሳታችን በፊት፣ ሻይ ላይ መጀመሪያ የጠየቅሁት ከቀሩት በዕድሜ የሚበልጠውን ነው። «ትንሽ ያዞረኛል» አለ ሳያፍር። እርሱና ሌሎች ሁለት ዋልያ ለማየት ጨነቅ ቀሩ፤ እኛ ወጣን።