ከመስመሩ የሚወጣ የኋላ መንኰራኵር

ከቢስክሌት ሁለት መንኰራኵሮች የፊተኛው መንገድ ሲመራና ከሸክሙ ጥቂቱን ሲሸከም፣ የኋለኛው ግን የነጂውን ክብደት አብዛኛውን ተሸክሞ፣ በዚያው ላይ የእግሩን ጉልበት በሰንሰለት አማካይነት ተቀብሎ ወደ ምድር የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ ድካሙም ደዌውም ከፊተኛው ይልቅ የበዛ ነው። ከደዌዎቹም ሁሉ ባለቤቱን እጅግ የሚያስመርረው ዛሬ አቅንተው የሰደዱት መንኰራኵር ነገ ከመስመሩ ወጥቶ መገኘቱ ነው። በባሕር ዳር ለጥ ያለ ጎዳና ማልዶ ወደ ሥራው የሚገሠግሥ ሠራተኛ፣ ወይም ከኋላው ጄሪካን ጭኖ የሚያመላልስ ሰው፣ ደኅና ሲሄድ የነበረው ቢስክሌት ድንገት እየከበደው፣ ጎማውም በግራ በኩል ያለውን የቴላዮውን ቱቦ እየፋቀ ሲጮኽ በሰማ ጊዜ፣ ወርዶ መንኰራኵሩን በእጁ ይመልሰውና ዳዶውን ባለ በሌለ ኀይሉ ያጠብቀዋል፤ ዳሩ ግን ጥቂት መንገድ ሄዶ ዳገት በገጠመው ጊዜ ያው ጩኸት ይመለስበታል። እንዲህ ላለው ሰው ከጉልበት አስቀድሞ የሚያሻው የነገሩን ሥር መመርመር ነው።

መንኰራኵሩ ስለ ምን ይንሸራተታል ቢሉ፣ ከጥንቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊሄድ የሚችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 ሮቨር የተባለውን ቢስክሌት ሠርቶ፣ ነጂው በግዙፍ የፊት መንኰራኵር አናት ላይ ተሰቅሎ ይሄድ የነበረበትን ዘመን መሻር በጀመረ ጊዜ፣ ፔዳሉን ከመንኰራኵሩ ለይቶ ጉልበቱን በሰንሰለት ወደ ኋላ እንዲተላለፍ አደረገው። ሰንሰለት ደግሞ ሲያገለግል ይረዝማል፤ መጋጠሚያዎቹ እያንዳንዳቸው በጥቂት በጥቂቱ እየተበሉ ሲሄዱ፣ የሁሉም መበላት ተደምሮ ሰንሰለቱን ያረግበዋል። ስለዚህ መንኰራኵሩ በየጊዜው ወደ ኋላ እየተሳበ የረገበው ሰንሰለት ይወጠር ዘንድ፣ ዘንጉ የሚገባበት የቴላዮው ማረፊያ ረዘም ብሎ ክፍት ሆኖ ተሠራ። ከዚህም የተነሣ ባለ አንድ ማርሽ በሆኑት ቢስክሌቶች መንኰራኵሩን በቦታው የሚያጸናው የማረፊያው ቅርጽ መሆኑ ቀርቶ፣ ሁለት ዳዶዎች በቀኝና በግራ ብረትን ከብረት አጣብቀው የሚይዙት መጨበጥ ብቻ ሆነ።

ያ መጨበጥ የሚታገለው ኀይል ቀላል አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ነጂ ከኮርቻው ተነሥቶ ሁለንተናውን በአንድ ፔዳል ላይ ቢጥል፣ የፔዳሉ ክንድ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ሰንሰለቱን የሚስበው ባለ 46 ጥርስ ክብ ደግሞ ከማእከሉ እስከ ጠርዙ ከ9 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ መንኰራኵሩን ወደ ፊት የሚጎትተው በ130 ኪሎ ገደማ ነው። ይህም ጭነት ለሁለቱ ዳዶዎች እኩል አይከፈልም፤ ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ስለሚያልፍ ከአምስቱ እጅ አራቱ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጠው፣ በቀኙ ዳዶ ላይ ይወድቃል። የቀኙ ዳዶ ይህን መሸከም ተስኖት በአንድ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት፣ የዘንጉ ቀኝ ጫፍ ስለሚቀድም መንኰራኵሩ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ በዘንጉ ዘንድ አንድ ሚሊ ሜትር የነበረችውም ስሕተት በጎማው ጠርዝ ዘንድ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሆና ትገለጣለች። በሰንሰለት የተጎተተ መንኰራኵር ዘወትር የግራውን ቱቦ የሚፍቀው ስለዚህ ነው፤ የቀኙን የሚፍቅ ከሆነ ምክንያቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባል።

ዳዶ ከመንካት በፊት ግን ይህን ደዌ ከሚመስሉት ደዌዎች መለየት ያስፈልጋል። ቢስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ካቆሙ በኋላ መንኰራኵሩን ቀስ አድርጎ እያዞሩ በቸርኬውና በቱቦው መካከል ያለውን ክፍተት መመልከት ነው። ክፍተቱ በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ እየሰፋ አንዴ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ የላሉት ሽቦዎቹ ናቸው፤ በየትም ቢያዞሩት ባንድ በኩል ጠብቦ የሚቀር ከሆነ ግን መንኰራኵሩ በሙሉ ከቦታው ፈልሷል ማለት ነው። ቸርኬውን ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁት ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው መጥበቅ አለበት። ዘንጉ በሁለቱም ማረፊያዎች እኩል ገብቶ ሳለ መንኰራኵሩ አሁንም ቢያዘነብል፣ አውጥቶ ቀኙን ወደ ግራ አዙሮ መልሶ ማስገባት ነው፤ ማዘንበሉ አብሮት ወደ ሌላው ጎን ከዞረ የሽቦዎቹ አወጣጠር ተዛብቷል፣ በዚያው በፊቱ ጎን ከቀረ ደግሞ የተጣመመው ቴላዮው ነው።

ጥፋቱ በእውነት ከመንሸራተት ከሆነ፣ የቀኙን ዳዶ አውልቆ ብረቶቹ የሚነካኩበትን ገጽ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል። በማረፊያው ላይ ከኋላ ወደ ፊት የተጫሩ፣ ገና የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን መስመሮች ቢታዩ የመንሸራተቱ ምስክሮች እነርሱ ናቸው። ዘይትና ግሪስ በዳዶው ጥርስ ውስጥ ቢሆን መልካም ነው፣ ማጥበቅን ያቀልላልና፤ በማረፊያው ገጽ ላይ ከሆነ ግን ተጠርጎ ይውጣ። ወፍራም ቀለምም እየተጨፈለቀ ዳዶውን ስለሚያላላው ሊፋቅ ይገባዋል። ሮንዴላው በአንድ ገጹ ጥርስ ያለው ከሆነ ጥርሱ ወደ ቴላዮው ዞሮ ብረቱን መንከስ አለበት፤ ተገላብጦ የተገጠመ ሮንዴላ ግን ግብሩን ትቶ ከዳዶው ጋር ሲፋተግ ይኖራል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የፓራፋንጎውና የዕቃ መጫኛው እግሮች ነገር ነው፤ እነዚህ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች በዳዶውና በማረፊያው መካከል ሲደራረቡ፣ ዳዶው የጠበቀ ቢመስልም የጠበቀው በሚታጠፍ ነገር ላይ ነው። ጥርስ ያለውን ሮንዴላ በቀጥታ ከቴላዮው ጋር አገናኝቶ እግሮቹን ከእርሱ ውጭ ማድረግ፣ በላያቸውም ሌላ ጠንካራ ሮንዴላ ጨምሮ ዳዶውን ማሠር ይሻላል።

ብዙ ሰው በቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ እያስረዘመ ማጥበቁን እንደ መድኀኒት ይቈጥረዋል፤ እኔ ግን ደዌውን ሥር የሚያሰድደው ይኸው ይመስለኛል፤ የዳዶው ጥርስ የሚላጨው፣ ዘንጉም የሚሰበረው በዚሁ ነውና። የሚበቃው ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም 15 ቁጥር ቁልፍ ጫፉን ይዞ ከ15 እስከ 20 ኪሎ በሚሆን ኀይል እንደ መጎተት ያህል ነው። በክብ የውድድር ሜዳ የሚሽቀዳደሙት ቢስክሌቶች ከሁሉ የበረታ የእግር ጉልበት እየተቀበሉ እስከ ዛሬ ድረስ መንኰራኵራቸው በሁለት ዳዶ ብቻ ታሥሮ ይኖራል፤ ገጹ ንጹሕ፣ ሮንዴላው ጤነኛ ከሆነ ዳዶ እንደማይበቃ የሚነገረው ሁሉ ሐሰት መሆኑ በእነርሱ ይታወቃል።

አገጣጠሙም ሥርዐት አለው። መጀመሪያ ሁለቱንም ዳዶዎች እንዲሁ እስኪነኩ ድረስ ብቻ አስጠግቶ፣ መንኰራኵሩን ወደ ኋላ ስቦ ቀኙን ማጥበቅ፤ ቀጥሎ ጎማውን በሁለቱ ቱቦዎች መካከል በእጅ እየገፉ ማእከሉን አስይዞ ግራውን ማጥበቅ፤ ከዚያም እያፈራረቁ በየጥቂቱ ማጽናት ነው። ሰንሰለቱ ከመካከሉ በጣት ሲነካ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ማለት አለበት፤ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ሰንሰለት ኩሽኔታውን ይበላል። ሸክም ለሚያመላልስ ቢስክሌት በቀኝ በኩል ሰንሰለት መወጠሪያ ብሎን ቢጨመርለት ዘንጉ ወደ ፊት የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል፤ ዋጋውም ጎማው ጎኑ ተፍቆ ሲያልቅ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። አዲስ የታሠረ ዳዶ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ጥቂት ስለሚላላ እንደገና መፈተሽ አለበት።

በእጅ እጀታ ብቻ የሚፈታውን መንኰራኵር በተመለከተ፣ ይህ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1933 በቪቼንሳ ከተማ ፋብሪካ ካቋቋመው ከጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ ስም ጋር ተያይዞ የሚነገር ሲሆን፣ በውስጡ ባዶ በሆነ ዘንግ መካከል ቀጭን ብረት አልፎ ሁለቱን ማረፊያዎች ከውጭ ይጨብጣል። እንዲህ ያለው መንኰራኵር ቢንሸራተት፣ የዘንጉ ጫፍ ከማረፊያው ውፍረት አልፎ ወደ ውጭ ብቅ ማለቱን መመርመር ነው፤ ለጥቂት እንኳ ብቅ ካለ እጀታው ቴላዮውን መጨበጡ ቀርቶ የራሱን ዘንግ ሲጨብጥ ይውላልና፣ ጫፉ በሞረድ ተሞርዶ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል።